አንዱ ሲዘፍን ሌላው ምን ይሥራ?

ጎንደር ውስጥ የሁለት ወጣት ድምፃውያን ነጠላ ዜማ በተመረቀበት ምሽት የተደረገ ንግግር ነው። አነጋገሩ ብዙም ሳይነካ እንዳለ ቀርቧል።

እንደምን አመሻችሁ?

ኧረ ድምፃችሁ የት ሄደ! እራት አልበላችሁም እንዴ? እስቲ እንደገና፤ እንደምን አመሻችሁ? እሰይ! የጎንደር ሰው ሰላምታ ሲመልስ አዘዞ ድረስ መሰማት አለበት።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ እንግዶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማችሁን የምታስመርቁ ሁለቱ ልጆቼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ይናገሩልን» ብላችሁኛል። እኔ ዕድሜዬን ካሴት ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። የካሴት አንድ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ከዚያ በታች ቀድቼ አላውቅም። (ሳቅ)

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው፣ ሁለት ሰዎች አብረው የፍቅር ዘፈን ሲሠሩ፣ አንዱ ሲዘፍን ሌላው ምን ይሥራ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ዘፈን ወጥቶ ሰው ዝም ሲለው ምን ይደረጋል የሚል ነው። ሦስተኛው የወረቀት ጉዳይ ነው። እሱ አጭር ነው፤ ግን ሳልናገረው ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ወደ አንደኛው ከመግባቴ በፊት አንድ ወሬ ላውራችሁ።

ወጣት ሳለሁ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሙዚቃ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም። ወጣቶቹ ባዶ ካሴት ይዘው ይመጡና «ስሎው ሙላልኝ» ይሉኛል። ቀዝቀዝ ያለ የፈረንጅ የፍቅር ዘፈን ነው የሚፈልጉት። ገጽ አንድን በአማርኛ፣ ገጽ ሁለትን በስሎው እሞላለሁ። ካሴቱ ለማን እንደሚሄድ አልጠይቅም። ከልጁ ፊት ይታወቃል።

አንድ ቀን አንዱ መጣና «ሁለቱንም ገጽ በአንድ ዘፈን ብቻ ሙላልኝ» አለኝ። ሌላ ዘፈን እንዳይገባበት አስጠነቀቀኝ። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያኔ «ሪፒት» ብሎ ነገር የለም። ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር ዋናውን ካሴት ወደ ኋላ ማጠንጠን አለ። መነሻውን በጆሮ መፈለግ አለ። ከዚያ የመቅጃዋን ቀይ ቁልፍና የማጫወቻውን ቁልፍ አንድ ላይ ጫን! በዚህ መሃል መብራት ይደክማል። ቴፑ ይንቀረፈፍና የዘፋኟ ድምፅ የወንድ ይሆናል። ያንን አጥፍቶ እንደገና መቅዳት ነው። ከሰዓቱን ሙሉ በዚያ ዘፈን ዋልኩ።

ልጁ ካሴቱን ለልጅቷ ሰጣት። ልጅቷ ደግሞ እንግሊዝኛ ላይ ጎበዝ ነበረች። በማግስቱ መለሰችለት። «ዘፈኑ እኮ ፍቅር ነበር፣ አሁን ግን አልቋል ነው የሚለው። መቼ ጀመርንና ነው የምታሰናብተኝ?» አለችው። (ሳቅ)

አትሳቁ። ሴትየዋ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች። ባሏም አጠገቧ ተቀምጧል። ያ ልጅ አይደለም። (ሳቅ)

ዘፈኑ «ኢት መስት ሃቭ ቢን ላቭ» ይባላል። የሮክሴት ነው። ሮክሴት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ስዊድናውያን ናቸው። ወንዱ ፔር ጌስሌ፣ ሴቷ ማሪ ፍሬድሪክሰን። እ.ኤ.አ. በ1986 ነው አብረው የጀመሩት። ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰው ፔር ነው። ግን ዘፈኑን ስትሰሙት ከፊት የምታገኙት ማሪን ብቻ ነው።

አሁን ወደ አንደኛው ነጥቤ ገባሁ ማለት ነው። ፔር መዝፈን አቅቶት ነው እንዴ? አይደለም። ሰውየው ራሱ ዘፋኝ ነው። «ዘ ሉክ» የሚለውን ዘፈናቸውን ከፊት ሆኖ የዘፈነው እሱ ነው። እሱም አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጥቷል። ታዲያ እዚህኛው ላይ ለምን ዝም አለ? ዘፈኑ የማሪን ጉሮሮ ስለፈለገ ነው። የደረሰውም፣ መዝፈን የሚችለውም እሱ ነው፤ ግን ከፊት አልቆመም። ይሄ ቀላል ነገር ይመስላችኋል? ስቱዲዮ ገብታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። «ይቺን ስንኝ ለእሷ ተውላት» ሲባል የስንቱ ፊት ይጠቁራል!

ደግሞ ሰው ሁሉ ባልና ሚስት ይመስሉት ነበር። አልነበሩም። ሁለቱም ከሌላ ሰው ጋር ነው የተጋቡት። እናንተንም እንደዚያው ማለቱ አይቀርም። ከወዲሁ ተዘጋጁ። (ሳቅ) ምንም ብትሆኑ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ማይክ ፊት የምትሆኑት ነው።

እንዲያውም ይሄንን ለጎንደር ሰው መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የጥንድ ዘፈን ከስዊድን አልመጣልንም። ቡርቧክስን የማታውቁ አላችሁ? የአዝማሪ መንደር ነው፤ እዚሁ አጠገባችን። ባል ማሲንቆ ይመታል፣ ሚስት ትዘፍናለች። እሱም ይዘፍናል፤ ግን እሷ ስትገባ እጁን አይታችሁታል? ደጋኑን ያለዝበዋል። የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ የነካ አይመስልም። እሷ ስንኟን ስትጨርስ፣ ያኔ ማሲንቆው የመጨረሻዋን ቃል ይደግምላታል። ይሄንን ማንም ስቱዲዮ ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ከአባቱ ያየው ነው።

አንድ ሰርግ ላይ የሰማሁትን ላጫውታችሁ። ባልየው እንዲህ አለ፦

ከአደባባይ ቆሜ ስጠብቅሽ ዋልኩኝ፣
አንቺ ሳትመጪልኝ ልቤን እዚያ ጣልኩኝ።

ሰዉ ሁሉ «እሰይ!» አለ። ብር ተለጠፈ። እሱ በዚህ ሞቅታ ላይ አንድ ስንኝ መጨመር ይችል ነበር። አልጨመረም። ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ አንገቱን ወደ እሷ አዘነበለ። እሷም ምን አለች?

ና ብዬ ሳልጠራህ ማን አቁሞህ ዋለ፣
የጣልከውስ ልብህ ከኔ አይደል ወይ ያለ።

እናንተዬ፣ ድንኳኑ ሊፈርስ ነበር! እስቲ አስቡት። እሱ ሁለት ስንኝ ቢጨምር ኖሮ የእሷ መልስ ይቀዘቅዛል። የእሷ ስንኝ ቆንጆ የሆነው እሱ ባዘጋጀላት ዝምታ ነው። የፍቅር ዘፈን በሁለት ሰው ሲዘፈን ትልቁ ጉልበት ያለው እዚያች ርክክብ ላይ ነው። ዘፈኑን አንዱ ለሌላው ሲያስረክብ።

አሁን ወደ ልጆቼ ልምጣ። ዘፈናችሁን አስቀድማችሁ ልካችሁልኛል። አመሰግናለሁ። ስልኬ ላይ ሳይሆን በድሮው ስፒከሬ ነው የሰማሁት። መግቢያው ላይ ፒያኖ ብቻ ነው፤ ወደድኩት። ትዝታ ቅኝት ላይ መሆኑንም ወደድኩት። ቅንብሩ ግን የዛሬ ነው፤ ያረጀ ነገር አያሸትም። ሁለተኛው ስንኝ ላይ እሷ ስትገባ እሱ ከኋላ «እም» እያለ ብቻ ነው የሚከተላት። ይሄ የአዝማሪ ልጅ ጆሮ ነው። አውቀህ አድርገኸውም ይሁን ሳታውቀው፣ ተባረክ።

የማልወደውንስ ልናገር? ልናገር እንዴ? ... እሺ፣ ፊታችሁ እናገራለሁ። መጨረሻ ላይ አዝማቹ ሲደገም ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ሽቅብ ወጣችሁ። እሱ ጉሮሮውን ያሳያል፣ እሷ ጉሮሮዋን ታሳያለች። እስከዚያ ድረስ ስትተዋወሱ የነበራችሁ ልጆች፣ የመጨረሻዋ ግማሽ ደቂቃ ላይ እንደ ሁለት ሚኒባስ አንድ ተሳፋሪ ትሻማላችሁ። ለምን? አንዳችሁ ታች ብትቆዩ ምን ይጎድላል? መድረክ ላይ ስትዘፍኑት አሁንም ማስተካከል ትችላላችሁ። የእኔን ምክር ከጠየቃችሁ እሷ ትውጣ፣ እሱ ታች ይቆይ። ወንዶች እንዳታጉረመርሙ! የእሷ ድምፅ ከፍ ሲል አይቀጥንም፤ ለዚህ ነው።

ሁለተኛውን እንይ። ዘፈን ወጥቶ ሰው ዝም ሲለው።

ያ የሮክሴት ዘፈን መጀመሪያ የወጣው መቼ ይመስላችኋል? ሁሉም ሰው 1990 ይላል፤ በፈረንጁ ማለቴ ነው። አይደለም። መጀመሪያ የወጣው በ1987 ነው። የገና ዘፈን ሆኖ! ከጀርመን የሙዚቃ ኩባንያ በኩል የገና ዘፈን ስጡን ተብለው ነው ፔር የሠራው። የተሰበረ ልብ ላላቸው ሰዎች የሚሆን ገና። ስዊድን ውስጥ ጥሩ ሄደ። ከስዊድን ውጭ ግን ወሬም አልነበረውም። ያዘዙት ጀርመኖች ራሳቸው አላወጡትም። ገና አለፈ፣ ዘፈኑም አብሮ አለፈ።

ከዚያ ሆሊውድ ላይ «ፕሪቲ ውማን» የሚባል ፊልም መጣ። ጁሊያ ሮበርትስና ሪቻርድ ጊር የሠሩበት። እናንተ በስልክ ነው ያያችሁት፤ እኛ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ነው። ለፊልሙ ዘፈን ስጡን ተባሉ። እነ ፔር አዲስ ዘፈን አልሠሩም። ያንን ያለፈ የገና ዘፈን ከመሳቢያ አወጡት። አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ማሪ ዘፈኑን እንደገና አልዘፈነችውም። «ገና» የሚል ያለባትን አንዲት መስመር ብቻ እንደገና ዘፈነች። ገና የነበረው ክረምት ሆነ። መግቢያውን አሳመሩት፣ ጥቂት መሣሪያ ጨመሩበት። ሌላው ድምፅ የ1987ቱ ድምፅ ነው። በ1990 ሰኔ ወር አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ።

ያው ዘፈን! ያው ድምፅ! ሦስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ የተኛ!

እናንተስ? እናንተ ክሊፕ ለቃችሁ በሦስተኛው ቀን «ቪው አልመጣም» ብላችሁ ታኮርፋላችሁ። በሳምንቱ ሌላ ዘፈን። በወሩ ደግሞ ሌላ። አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ ያወጣውን ቆንጆ ዘፈን ሰው አላየውም ብሎ ከዩቲዩብ አጠፋው። አጠፋው እኮ ነው የምላችሁ! ዘፈን ወተት ነው እንዴ በሦስት ቀን የሚበላሸው?

ነጠላ ዜማ በዩቲዩብ የተጀመረ የሚመስላችሁ ካላችሁም ልንገራችሁ። አባቶቻችሁ በነጠላ ሸክላ ነው የጨፈሩት። አምሃ እሸቴ በእኛ 1961 ዓ.ም. አካባቢ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ሰውየው ደፈረ። ዓለማየሁ እሸቴን አስቀርጾ አወጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አሳተመ። አንድ ሸክላ ማለት ሁለት ዘፈን ነው፤ በዚህ ገጽ አንድ፣ በዚያ ገጽ አንድ። ሰው ለእነዚያ ለሁለቱ ዘፈኖች ብሎ ገንዘቡን ያወጣል። ስለዚህ ዘፋኙም ለሁለቱ ዘፈኖች ብሎ ይጨነቃል። ዛሬ እነዚያን ሸክላዎች ፈረንጆች በየገበያው ሲያስሱ ይውላሉ። በአንድ ሳምንት ተረስቶ ቢሆን ኖሮ ማን ያስሳቸው ነበር?

ስለ ጊዜ ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቀጥል። ሙዚቃ ቤት የሠራ ሰው የጾም መግቢያና መፍቻ በቃሉ ያውቃል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘፈን ይቆማል። በር ላይ ያለው ስፒከር በገናና መዝሙር ብቻ ነው የሚያጫውተው። ያን ጊዜ የፍቅር ካሴት የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው፤ ጥፋት እንደሠራ ሰው። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ የካሴት ጎርፍ ነው። ሁሉም ለፋሲካ ካልደረስኩ ይላል። ገዢው በአንድ ጊዜ ስንቱን ይገዛል? ደህና ደህና ሥራ የዚያን ሰሞን ተበላልቶ ሲቀር አይቻለሁ። የተረፉት ደግሞ አንዳንዴ በሰኔ፣ ማንም ባልጠበቃቸው ጊዜ፣ በአንድ ሚኒባስ ሾፌር ይነሱና ከተማውን ያዳርሳሉ። ለዚህ ነው ዘፈን አጥፍቶ ለሚያኮርፍ ልጅ የማላዝነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ይመጣባችኋል። «ጋሼ፣ እንግዲያው የእኛም ዘፈን ላይ ጥምቀት አለ። እናውጣው?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጥምቀተ ባሕሩ አለ፣ ሎሚው አለ፣ የተወረወረባት ልጅ አለች። የሮክሴትን ታሪክ ሰምታችሁ ጥምቀትን በክረምት ልትለውጡት ነው?

እንዳትነኩት!

ለምን መሰላችሁ? የእነሱ ገና ዘፈኑ ላይ የተለጠፈ ነበር። ታዞ የመጣ ነው። ሲነሳ ዘፈኑ ምንም አልጎደለበትም። የእናንተ ጥምቀት ግን ነገሩ የተከሰተበት ቦታ ነው። ልጁ ልጅቷን ያያት እዚያ ነው። ሎሚውን ከወረወረ በኋላ ለምን እንደሸሸ የሚነግረን እዚያ ነው። ያንን ብታወጡት ሰውየው ማንን እንደናፈቀ አናውቅም። የጎንደር ልጅ በሰኔም ቢሆን ጥምቀትን ሲሰማ ጥር ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ያለውም፣ አሜሪካ ያለውም እንደዚሁ ነው። እንዲያውም እነሱ ይብሳሉ። መጠየቅ ያለባችሁ ይህን ነው፤ በዓሉን ብናነሳው ታሪኩ ይቆማል ወይ? የእነ ፔር ቆመ። የእናንተ አይቆምም።

ከዚህ ሳልወጣ አንዲት ነገር ልጨምር፤ ይቺን በጣም ነው የምወዳት። ሮክሴት አሜሪካ የገቡት በኩባንያ ጉልበት አይደለም። ስዊድን ለትምህርት የሄደ አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ነበር። ወደ ከተማው ወደ ሚኒያፖሊስ ሲመለስ አልበማቸውን ይዞ ሄደና ለአካባቢው ሬዲዮ ጣቢያ ሰጠ። ጣቢያው «ዘ ሉክ»ን አጫወተው። አድማጭ ደወለ፣ ሌሎች ጣቢያዎችም ተቀባበሉት። በ1989 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ፔር የተወለደው ሃልምስታድ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ዋና ከተማቸው ስቶክሆልም እንጂ ሃልምስታድ አይደለችም። ከጎንደር ሆነን ማን ይሰማናል ለምትሉ ነው ይሄን የምናገረው። እዚህ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ከየክልሉ የመጣ ስንት ተማሪ አለ? ለክረምት ሲበተን ወደ ስንት ከተማ ነው የሚሄደው? ዘፈናችሁን በስልኩ ይዞ እንዲሄድ አድርጋችኋል ወይ? የዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ በር ላይ ቆማችሁ ብታድሉት ከፌስቡክ ማስታወቂያ ይሻላችኋል። ብርም አይፈጅም።

ስለ ማሪ አንድ ነገር ብዬ ወደ ወረቀቱ ልሂድ። እ.ኤ.አ. በ2002 ማሪ ታመመች፤ የጭንቅላት ዕጢ ነው። ሕክምናው ከባድ ነበር። ፔር በዚያ ጊዜ ብቻውን ሠርቷል፣ ከድሮ ባንዱ ጋርም ሠርቷል። ግን ሌላ ሴት ድምፃዊት አምጥቶ «ይቺ ናት አዲሷ ሮክሴት» አላለም። በ2009 አምስተርዳም ላይ የእሱ ኮንሰርት ነበር። ማሪ መድረክ ላይ ወጥታ አብራው ዘፈነች። ከዚያ እንደገና ዓለምን ዞሩ። ኋላ ላይ ቆማ መዝፈን ሲያቅታት ተቀምጣ ትዘፍን ነበር። በ2016 ሐኪሞች ይብቃሽ አሏት። በ2019 በታኅሣሥ ወር አረፈች፤ 61 ዓመቷ ነበር። ሁለት ሆናችሁ ስም ስታወጡ ነገ አንዳችሁ ልትታመሙ፣ ልትወልዱ፣ ልትሰደዱ እንደምትችሉ አስቡ። ያኔ ስሙን ማን ይይዘዋል? ዛሬ ፍቅር እያለ ተነጋገሩበት።

ይሄው ሦስተኛው ላይ አደረሰኝ። ወረቀት።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ የሚባል አለ፤ ቁጥር 410/1996። በእሱ መሠረት ሥራው የደራሲው ነው። በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት። በጋራ ከደረሳችሁት 50ው ዓመት የሚቆጠረው ከኋለኛው ሰው ሞት ጀምሮ ነው። የዘፈነው ሰው ደግሞ የራሱ ሌላ መብት አለው። መድረስና መዝፈን ለየብቻ ነው የሚታየው። እንግዲህ ልጠይቃችሁ፤ የእናንተን ግጥም ማን ጻፈ? ዜማውን ማን ሠራ? አየህ፣ አሁን ተያያችሁ! (ሳቅ) ተያይታችሁ የምትስቁት ዘፈኑ ገና ብር ስላላመጣ ነው።

እኔ የማውቃቸው ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። አብረው አንድ ካሴት አወጡ፤ ተወደደላቸው። ከዚያ ተጣሉ። «ዜማው የኔ ነው» «አይ የኔ ነው» እያሉ ሙዚቃ ቤታችን በር ላይ አንገት ለአንገት ተናነቁ። ወረቀት የለም። ምስክር የለም። ያሳተመላቸው ሰው ደግሞ ዳር ቆሞ ይስቃል፤ ውሉ ላይ ያለው የእሱ ስም ብቻ ነዋ። ዘፈኑ ዛሬም በየሰርጉ ይዘፈናል። ከሁለቱ አንዳቸውም ሳንቲም አላዩም፤ አንዱ ዘፈኑ ሲከፈት ከቤት ይወጣል ይባላል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ነገ ነው ያልኩት፣ ከሚቀጥለው ሳምንት አላልኩም፣ ቁጭ ብላችሁ በአንድ ገጽ ላይ ጻፉ። ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። ማሲንቆውን የመታውን ልጅም እንዳትረሱት። ፈርሙ። ሁለት ምስክር አስፈርሙ። እኔን ከፈለጋችሁ ቡና አፍሉልኝና እፈርማለሁ።

በሉ እንግዲህ፣ እኔ ጨረስኩ፤ ዘፈኑን እንስማ። አንተ ድምፅ ላይ ያለኸው ልጅ፣ ቤዙን ቀነስ አድርገው። ቅድም ስትሞክሩ ሰምቼዋለሁ፤ የእሷን ድምፅ እየዋጠባት ነው። አዎ፣ እንደሱ። ከፊት የተቀመጣችሁ፣ ስልካችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ከኋላ ያሉት እናቶች አላዩም። ልጆቼ፣ ውጡ። አዝማቹ መጨረሻ ላይ ሲደርስ እኔ እዚህ ነኝ፤ ማን ታች እንደሚቆይ አያለሁ።